ገንዘቡ የተመላለሰበት መቶ ዓመት፦ የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ፈንዶች ታሪክ

የጋራ ፈንድ የብዙ ቆጣቢዎችን ገንዘብ በአንድ ቋት ሰብስቦ በባለሙያ አማካይነት አክሲዮን ወይም ቦንድ የሚገዛ ተቋም ነው። የአክሲዮን ፈንድ የኩባንያዎችን ድርሻ፣ የቦንድ ፈንድ ደግሞ መንግሥታትና ኩባንያዎች የተበደሩባቸውን ሰነዶች ይይዛል። ባለድርሻው በፈለገው የሥራ ቀን ድርሻውን ለፈንዱ መልሶ በዕለቱ ዋጋ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ከአንዱ ዓይነት ወጥቶ ወደ ሌላው እንዳይገባ የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። በየወሩ ወደ ፈንዶቹ የገባውና ከፈንዶቹ የወጣው ተሰልቶ ሲታይ፣ ሚሊዮኖች በዚያ ወር ምን እንዳጓጓቸውና ምን እንዳስፈራቸው ይነበብበታል።

ሥራው ከየትኛውም አገር በላይ በተስፋፋባት በአሜሪካ ይህን መዝገብ የሚይዘው የፈንዶቹ ማኅበር፣ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ኢንስቲትዩት ነው። መዝገቡን በችኮላ የሚያነቡ ሰዎች ነገሩን እንደ ሚዛን ያዩታል፤ አክሲዮን ሲያስፈራ ገንዘቡ ወደ ቦንድ ያጋድላል፣ ድፍረት ሲመለስ ወደ አክሲዮን ይመለሳል ይላሉ። የመቶ ዓመቱ ታሪክ ግን ለዚህ አባባል እምብዛም አይመችም። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከሦስተኛ ቦታ፣ ማለትም ከባንክ ተቀማጭና ከአጭር ጊዜ ሰነዶች ነው፤ ሲሸሽም የሚመለሰው ወደዚያው ነው። በሩን በመክፈትና በመዝጋት ረገድም የወለድ መጠንና የግብር ሕግ ከሰዎች ስሜት የማይተናነስ ድርሻ ነበራቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈንዶች ቅድመ አያቶች የቦንድ ፈንዶች ነበሩ። በ1774 አብርሃም ቫን ኬትዊክ የተባለ የአምስተርዳም ነጋዴ፣ ከአንድና ሁለት ዓመት በፊት የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ያስደነገጣቸውን አነስተኛ ቆጣቢዎች ገንዘብ ሰብስቦ በአውሮፓ መንግሥታት ዕዳና በቅኝ ግዛት እርሻዎች ብድር ላይ አከፋፈለው። አንዱ ተበዳሪ ቢከስር ሌላው ይክሳል የሚለው ሐሳብ በተግባር የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ፈንዱ እስከ 1824 ቆይቶ ፈረሰ። በ1868 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የውጭና የቅኝ ግዛት መንግሥታት ትረስትም ያንኑ መንገድ ተከተለ። ግብፅን፣ ቱርክን፣ ስፔንንና ሩሲያን የመሳሰሉ አገሮች ያወጧቸውን ቦንዶች እየገዛ፣ ለሀብታም ብቻ ክፍት የነበረውን ገበያ ለመካከለኛ ገቢ ሰው አደረሰ። በዚያ ዘመን አክሲዮን የቁማር ያህል ይታይ ስለነበር ለቆጣቢ ይመጥናል የሚል ሰው ጥቂት ነበር።

አመለካከቱ የተለወጠው በአሜሪካ ነው። በማርች 1924 ቦስተን ውስጥ የማሳቹሴትስ ኢንቨስተሮች ትረስት በ50,000 ዶላር ሥራ ጀመረ። ይዞት የተነሣው አክሲዮን ነበር፤ ታሪካዊ ያደረገው ግን ለባለድርሻው የሰጠው የመውጣት መብት ነው። ድርሻውን የመለሰ ሰው ፈንዱ በእጁ ካለው ሀብት ላይ የሚደርሰውን ተቀብሎ ይሄዳል። ስለ ገንዘብ መግባትና መውጣት መናገር የሚቻለው ከዚህ መብት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዝግ ፈንዶች ድርሻቸውን አንድ ጊዜ ሸጠው የሚያበቁ ነበሩ፤ መውጣት የሚፈልግ ሰው ሌላ ገዥ መፈለግ ነበረበት።

የ1920ዎቹ ሕዝብ ግን የወደደው ዝጎቹን ነበር። ብዙዎቹ በብድር ገንዘብ ጭምር አክሲዮን ይገዙ ስለነበር ገበያው ሲወጣ ትርፋቸው እጥፍ ድርብ ይሆናል። በ1928 መጨረሻ የተቋቋመው የጎልድማን ሳክስ ትሬዲንግ ኮርፖሬሽን ድርሻውን ለሕዝብ በ104 ዶላር ሸጠ፤ በ1932 አንዱ ድርሻ ሁለት ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር። በዚያው ወቅት በፊላደልፊያ ወጣቱ የሒሳብ ባለሙያ ዋልተር ሞርጋን አክሲዮንንና ቦንድን በአንድ ላይ የሚይዝ በኋላ ዌሊንግተን የተባለ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። የ1929ኙ ውድቀት ሲደርስ ከሀብቱ ትልቅ ድርሻ በጥሬ ገንዘብና በቦንድ ላይ ስለነበር ተርፎ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሞርጋን ያደረገው ነገር ቀላል ቢመስልም የኋላውን ታሪክ አስቀድሞ ያሳያል፤ ከአክሲዮን ወደ ቦንድ የመሸጋገሩን ውሳኔ ከባለድርሻው እጅ ወስዶ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠ። ውሳኔውን ለባለድርሻው የተዉም ነበሩ። በ1930ዎቹ የተነሡት ኪስቶን የተባሉት ፈንዶች ቦንዶቹን በ«ቢ» አክሲዮኖቹን በ«ኤስ» ፊደል ከፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል ደግሞ እንደ ሥጋቱ መጠን በቁጥር ደረጃ አውጥተውለት፣ ደንበኛው እንዲመርጥ አቀረቡለት።

ውድቀቱን ተከትሎ የወጡት ሕጎች፣ በተለይም የ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ፣ ድርሻቸውን መልሰው የሚገዙትን ክፍት ፈንዶች የበላይ አደረጓቸው። ድርሻውን የመለሰ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ገንዘቡን ማግኘት እንዳለበት የደነገገው ይህ ሕግ ነው። በዚያ ዓመት የሁሉም ፈንዶች ሀብት ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1960 17 ቢሊዮን ደረሰ። ዕድገቱ ከሞላ ጎደል የአክሲዮን ነበር። የቤት ለቤት ሻጮች የሚያቀርቡት የአሜሪካን ኢንዱስትሪ ድርሻ ነው፤ ቦንድ ግን የባንክ፣ የኢንሹራንስና የባለጸጋ መበለቶች ንብረት ተደርጎ ይታይ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ገንዘብም ለመጥቀስ የሚበቃ አልነበረም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈንድ የዝነኛ ሰው ሥራ ሆነ። በሻንጋይ የተወለደው ጄራልድ ሳይ በፊደሊቲ ኩባንያ ፈጣን የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ስም ካተረፈ በኋላ በ1966 ማንሃተን የተባለ የራሱን ፈንድ ከፈተ። 25 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስባል ተብሎ ሲጠበቅ 247 ሚሊዮን ጎረፈለት። በ1968 ኩባንያውን ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ሸጦ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ገበያው ተሰበረ፣ ፈንዱም አብሮ ወደቀ። ባለድርሻዎቹ እንደ መሥራቹ በጊዜ አልወጡም። የኋለኞቹ አጥኚዎች በቁጥር ያረጋገጡት ልማድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ ይታያል፤ ገንዘብ የሚከተለው ትናንት የተገኘውን ትርፍ ነው።

ከ1973 መጀመሪያ እስከ 1974 መጸው የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ በግማሽ ገደማ ወደቀ። የፈንዶቹ ጠቅላላ ሀብት በ1972 መጨረሻ ከነበረበት 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 36 ቢሊዮን ወረደ፤ በአሥርቱ ዓመታት አብዛኛው ጊዜም ከአክሲዮን ፈንዶች የሚወጣው ከሚገባው ይበልጥ ነበር። የሚዛኑ አባባል ትክክል ቢሆን ይህ ገንዘብ ወደ ቦንድ ፈንድ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። የዋጋ ንረቱ ከ1973 በኋላ ከ10 በመቶ በላይ ስለወጣ ቋሚ ወለድ የሚከፍል የረጅም ጊዜ ሰነድ መያዝ ራሱ ኪሳራ ነበር። በባንክ ማስቀመጥም አያዋጣም ነበር፤ «ደንብ ኪው» የተባለው መመሪያ ባንኮች ለተራ ቁጠባ ከ5 በመቶ ገደማ በላይ ወለድ እንዳይከፍሉ ይከለክል ነበርና።

መውጫውን ያገኙት ብሩስ ቤንትና ሄንሪ ብራውን ናቸው። በ1971 የመሠረቱት ሪዘርቭ ፈንድ የአነስተኛ ቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ፣ የግምጃ ቤት ሰነድንና የባንክ የተቀማጭ ምስክር ወረቀትን የመሰለ ለጥቂት ሳምንትና ወር የሚቆይ ብድር ይገዛ፣ ከትልልቅ ገንዘቦች የሚገኘውን ወለድም ለተራው ሰው ያካፍል ነበር። ድርሻው በአንድ ዶላር ተገዝቶ በአንድ ዶላር እንዲመለስ ታስቦ ነበር። የገንዘብ ገበያ ፈንድ የሚባለው ይህ ዓይነት በ1977 ከ4 ቢሊዮን ዶላር ያነሰ ሀብት ነበረው፤ በ1982 ከ200 ቢሊዮን አለፈ። በፈንዶች ታሪክ ከታዩት ፍልሰቶች ሁሉ የላቀው ይህ ይመስላል፤ የተካሄደውም በአክሲዮንና በቦንድ መካከል ሳይሆን ከባንክ ወደ ፈንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፈንዶች የሚያቀብሉትና የሚቀበሉት ሦስተኛ ክፍል ኖራቸው።

በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ አካባቢ የተዘረጉት መሠረቶች በወቅቱ ትኩረት አላገኙም። የ1976ቱ የግብር ሕግ የከተሞችና የክፍላተ ሀገር ቦንዶችን ከግብር ነፃ ወለድ በፈንድ በኩል ማሳለፍ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የፈንድ ኩባንያ መሪው ጆን ቦግል ገበያውን በጅምላ የሚይዝ የኢንዴክስ ፈንድ ለሕዝብ አቅርቦ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ጠብቆ 11 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። በ1978ቱ የግብር ሕግ ውስጥ ደግሞ በኋላ «ፎር ኦ ዋን ኬ» የተባለው የሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ አንቀጽ ገባ። በኦገስት 1979 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት የአክሲዮንን ሞት በሽፋኑ አወጀ። የአክሲዮን ታላቅ ዕድገት የተጀመረው ከዚህ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጎርፍ ለአክሲዮን አልሆነም። ፖል ቮልከር የሚመራው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ የዋጋ ንረቱን ለመስበር ወለዱን ሰቅሎት፣ የአሥር ዓመት የመንግሥት ቦንድ በ1981 ከ15 በመቶ በላይ ያስገኝ ነበር። ከዚያ ወለዱ በ1986 ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። የቦንድ ዋጋ የሚንቀሳቀሰው በወለድ ተቃራኒ ነው። በዓመት 50 ዶላር የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ የያዘ ሰው፣ አዲሶቹ 60 የሚከፍሉ ከሆነ በ1,000 የሚገዛው አያገኝም፤ 40 የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ከ1,000 በላይ ይሸጣል። ስለዚህ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቦንድ የያዙ ሰዎች ወለዱንም የዋጋ ጭማሪውንም አገኙ። የባንክ ተቀማጭ የሚሰጠው ሲያንስባቸው የቆዩ ጡረተኞች «የመንግሥት ዋስትና ያለው» እየተባለ ወደሚሸጥላቸው የቦንድ ፈንድ ጎረፉ። በ1986 መጨረሻ የቦንድ ፈንዶች ሀብት ከአክሲዮን ፈንዶች በልጦ ተገኘ። ለሻጮቹ ቸር ካልተሆነ በቀር ያ ማስታወቂያ አሳሳች ነበር። መንግሥት ዋስ የሚሆነው ዕዳው በጊዜው ለመከፈሉ እንጂ ለፈንዱ ድርሻ ዋጋ አይደለም።

በዚያው ዘመን የመሻገሪያው መንገድ አጠረ። አንድ ኩባንያ የአክሲዮን፣ የቦንድና የገንዘብ ገበያ ፈንዶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ደንበኛው በነፃ የስልክ መስመር ደውሎ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያዛውር ፈቀደ። ደላላ አያስፈልግም፣ ኮሚሽን የለም፣ የሚፈረም ወረቀት የለም። መቼ መውጣትና መግባት እንደሚገባ የሚመክሩ ጋዜጣዎችም በዚህ ላይ በቀሉ። ኢንስቲትዩቱ «ልውውጥ» ብሎ ለብቻው የሚመዘግበው ይህን ዓይነቱን ዝውውር ነው። ከአዲስ ቁጠባና ለቤት መግዣ ከሚወጣ ገንዘብ የተለየ፣ ከስሜት በቀር ሌላ ምክንያት እምብዛም የሌለው እንቅስቃሴ ስለሆነ ለአጥኚዎች የተመቸ ሆነ።

ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የዳው ጆንስ የአክሲዮን መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወደቀ። የስልኩ መስመር የተፈጠረው ለእንደዚህ ያለ ቀን ይመስል ነበር፤ መስመሮቹም ተጨናነቁ። ጥቂት የፈንድ ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን ጥያቄ ለማስተናገድ በማለዳው በብዛት እንደሸጡ በኒኮላስ ብሬዲ የተመራው አጣሪ ቡድን መዝግቧል። ሆኖም በወሩ ከአክሲዮን ፈንዶች የወጣው የተጣራ ገንዘብ ከሀብታቸው ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። ሕዝቡ አልሸሸም ማለት ግን አይቻልም፤ የሸሸው በዝግታ ነው። በ1988 ዓመቱን ሙሉ ከገባው የወጣው በለጠ።

የቦንድ ፈንዶች ፈተና በ1994 መጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ወደ 3 በመቶ ወርዶ ስለነበር፣ የባንክ የተቀማጭ ምስክር ወረቀታቸው ጊዜው ባለቀ ቁጥር ብዙ ቆጣቢዎች የሚያድሱበት ወለድ ቀድሞ ከለመዱት ከግማሽ በታች ሆነባቸው። ባንኮቹ ራሳቸው በየአዳራሻቸው ፈንድ መሸጥ ጀምረው ስለነበር፣ ደንበኛው ከመስኮቱ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ የቦንድ ፈንድ ይገዛል። የገዛው ነገር ከተቀማጭ የሚለየው የት ላይ እንደሆነ በግልጽ የተነገረው ጥቂቱ ነው። ቦንድ በእጁ የያዘ ሰው ዋጋው ቢወርድም ጊዜው ሲደርስ ዋናውን ያገኛል። የቦንድ ፈንድ ግን የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ አንዱ ቦንድ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፣ የድርሻውም ዋጋ በየቀኑ ይተመናል።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1994 ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ከፍ አደረገ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሰባት ጊዜ ጭማሪ ከ3 ወደ 6 በመቶ አደረሰው። የቦንድ ፈንዶች ዋጋ ወረደ። የማይወድቅ ነገር ገዛን ብለው ያመኑ ሰዎች የየሩብ ዓመቱ መግለጫ ሲደርሳቸው መውጣት ጀመሩ። በተበደረ ገንዘብ በወለድ መውረድ ላይ የተወራረደው የካሊፎርኒያው የኦሬንጅ ካውንቲ የሕዝብ ቋትም ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጥቶ በዲሴምበር ካውንቲው ኪሳራ አወጀ። የሸሹት ከወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1995፣ ቦንድ ከዘመኑ ምርጥ ዓመታት አንዱን አሳለፈ። ያ ትርፍ አብዛኞቹን አላገኛቸውም።

ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት የአክሲዮን ነበር። «ፎር ኦ ዋን ኬ» ከየደመወዙ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ተቆርጦ ወደ ፈንድ የሚገባ ገንዘብ አመጣ፤ ይህ ገንዘብ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ይመጣል። ከላዩ ላይ የስሜቱ ገንዘብ ታከለበት። በ2000 የአክሲዮን ፈንዶች ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ገንዘብ ሲያገኙ ከቦንድ ፈንዶች 50 ቢሊዮን ያህል ወጣ። ናዝዳክ የተባለው የቴክኖሎጂ ገበያ መለኪያ ጫፉን የነካው በዚያው ዓመት ማርች 10 ቀን ነው፤ በ2002 መጸው ከጫፉ 78 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር። በ2002 የአክሲዮን ፈንዶች ከ1988 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት ደረጃ ገንዘብ አጡ፤ የቦንድ ፈንዶች 140 ቢሊዮን ገደማ አገኙ። የሚዛኑ ሥዕል ከሌሎቹ ዓመታት ሁሉ በተሻለ የሚሠራው ለእነዚህ ሦስት ዓመታት ነው። ምናልባት ሥዕሉ በጸሐፊዎች አእምሮ የተተከለውም ያኔ ነው።

በ2003 ደግሞ ልውውጡ ራሱ ቅሌት አመጣ። ከ1968 ጀምሮ ሕጉ ማንኛውም ትእዛዝ ከዚያ በኋላ በሚወጣው ዋጋ እንዲፈጸም ያዝዛል፤ ከገበያው መዘጋት በኋላ የደረሰ ትእዛዝ የነገውን ዋጋ ያገኛል። የኒውዮርኩ ዐቃቤ ሕግ ኤሊዮት ስፒትዘር አንዳንድ ኩባንያዎች ለተመረጡ ደንበኞች ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ በዕለቱ ዋጋ እንዲገዙ፣ ወይም ለሌላው የተከለከለውን ፈጣን መግባትና መውጣት እንዲያደርጉ ፈቅደው እንደነበር አጋለጠ። የተጎዳው ዝም ብሎ የተቀመጠው ባለድርሻ ነበር።

ይህን ሁሉ መመላለስ በቁጥር የመረመሩት ሰዎች ያገኙት ለቆጣቢው የሚያስደስት አይደለም። በ1998 ተመራማሪዎቹ ሲሪ እና ቱፋኖ ገንዘብ ባለፈው ዓመት በጣም ወዳተረፉ ፈንዶች በብዛት እንደሚጎርፍ፣ በጣም ከከሰሩት ግን በዚያው ልክ እንደማይወጣ አሳዩ። በ2012 ቤን ረፋኤል፣ ካንደልና ዎል በየወሩ ከቦንድ ወደ አክሲዮን ፈንዶች የሚዛወረውን የልውውጥ ገንዘብ ለይተው አጠኑ። ዝውውሩ የበዛበት ወር የአክሲዮን ዋጋ የሚጨምርበት ወር ነው፤ ከዚያ ጭማሪ 85 በመቶው ግን በአራት ወር፣ ቀሪውም በአሥር ወር ውስጥ ተመልሶ ይጠፋል። ገንዘቡ ዋጋውን ለጊዜው ይገፋዋል እንጂ የኩባንያዎቹን የወደፊት ትርፍ አስቀድሞ አያውቅም።

በሴፕቴምበር 2008 ችግር የመጣው በሦስተኛው ክፍል፣ በገንዘብ ገበያ ፈንዶች በኩል ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ ሲከስር የብሩስ ቤንት ኩባንያ ከሚያስተዳድራቸው አንዱ፣ ሪዘርቭ ፕራይመሪ ፈንድ፣ የባንኩን 785 ሚሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ ይዞ ነበር። በማግስቱ የአንድ ድርሻ ዋጋ ከአንድ ዶላር ወደ 97 ሳንቲም ወረደ። የገንዘብ ገበያ ፈንድን የፈጠረው ቤት የፈንዱን ዋና ቃል ያጠፈ ሆነ። ሽሽቱ ሌሎችንም ስላዳረሰ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በቀናት ውስጥ ጊዜያዊ ዋስትና ሰጠ። በዚያ ዓመት ከአክሲዮን ፈንዶች 230 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የኋላ ኋላ ለማመን ያስቸግራል። አክሲዮን በማርች 2009 ከታች ተነሥቶ ለዓመታት ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ቦንድ መግዛቱን ቀጠለ። ከ2009 እስከ 2012 ባሉት አራት ዓመታት የቦንድ ፈንዶች አንድ ትሪሊዮን ዶላር ገደማ አዲስ ገንዘብ አገኙ፤ ከአክሲዮን ፈንዶች ግን ወጣ። አክሲዮንን መፍራት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ፌዴራል ሪዘርቭ የአጭር ጊዜ ወለድን ወደ ዜሮ አውርዶ ቦንድ በገፍ መግዛቱ ነው፤ ባንክ ምንም ለማይከፍለው ሰው ሦስት በመቶ ትልቅ ነገር ይመስላል። ትልቁ ተጠቃሚ ቢል ግሮስ የሚመራው ፒምኮ ቶታል ሪተርን ነበር። በኤፕሪል 2013 ሀብቱ 293 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ በዓለም ትልቁ የጋራ ፈንድ ነበር።

በሚቀጥለው ወር፣ ሜይ 22 ቀን 2013፣ የፌዴራል ሪዘርቩ ሊቀ መንበር ቤን በርናንኪ ግዢው ሊቀነስ እንደሚችል ለኮንግረስ ተናገረ። በወሩ መጀመሪያ 1.6 በመቶ ገደማ የነበረው የአሥር ዓመት ቦንድ ወለድ በዓመቱ መጨረሻ 3 በመቶ ደረሰ። በጁን ወር ብቻ ከቦንድ ፈንዶች 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በዎል ስትሪት ከጥቂት ወራት በፊት ጀምሮ «ታላቁ ሽግግር» እየተባለ ሲነገር የነበረው ከቦንድ ወደ አክሲዮን የመዞር ዘመን ደረሰ ተባለ፤ የ2013 ቁጥሮችም ለጊዜው ይህን ደገፉ። በ2014 ግን ወደ ቦንድ ፈንዶች መግባቱ እንደገና ቀጠለ። ግሮስ በሴፕቴምበር 2014 ድንገት ኩባንያውን ለቆ ሲሄድ ከፈንዱ በዚያ ወር ብቻ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። አብዛኛው ግን ቦንድን አልተወም፤ ወደ ሌሎች የቦንድ ፈንዶች ነው የገባው።

እውነተኛው ሽግግር ሌላ ቦታ ይካሄድ ነበር። ሥራ አስኪያጅ እየመረጠ ከሚገዛላቸው ውድ ፈንዶች ወደ ርካሽ የኢንዴክስ ፈንዶች፣ በተለይም እንደ አክሲዮን በገበያ ቀኑን ሙሉ ወደሚሸጡትና ወደሚገዙት ኢቲኤፎች የሚሄድ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኢቲኤፍ በ1993፣ የቦንዶቹ ደግሞ በ2002 ወጡ። በኦገስት 2019 የአሜሪካን አክሲዮን የሚይዙ የኢንዴክስ ፈንዶች ሀብት ከባለ ሥራ አስኪያጆቹ በለጠ። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ከአክሲዮን የጋራ ፈንዶች የሚወጣውን ገንዘብ ብቻ ያየ ሰው አሜሪካውያን አክሲዮን ጠሉ ብሎ በተሳሳተ ነበር።

በማርች 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ገበያዎቹን ሲያናውጥ በጣም የተጨነቁት የቦንድ ፈንዶች ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከሀብታቸው 5 በመቶ ገደማ፣ ከ250 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣባቸው። መሸሸጊያ ከተባለው ክፍል ራሱ የተሸሸበት ምክንያት ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያ የሚሸጠው ብዙ ያልወደቀውን ነው። ፈንዶቹ ግን የያዟቸው የኩባንያና የከተማ ቦንዶች እንደ አክሲዮን በየሰከንዱ ገዥ የሚያገኙ አይደሉም። ለባለድርሻው ዛሬ የሚከፈለው ገንዘብ ነገ እንኳ በቅናሽ ከሚሸጥ ሰነድ መምጣት ነበረበት። ማርች 23 ቀን ፌዴራል ሪዘርቭ የኩባንያ ቦንዶችንና የቦንድ ኢቲኤፎችን ጭምር ለመግዛት ዝግጁ መሆኑን ሲያስታውቅ ሽሽቱ ቆመ።

በ2022 ደግሞ ሁለቱም አብረው ወደቁ። የአሜሪካ ዋና የቦንድ መለኪያ 13 በመቶ ወረደ፤ ከ1976 ወዲህ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የከፋ ነው። ትላልቆቹ አክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ተጨምሮ እንኳ 18 በመቶ ያህል አጡ። ምክንያቱ አንድ ነበር፤ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን በአንድ ዓመት ውስጥ ከዜሮ አካባቢ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። ከቦንድ የጋራ ፈንዶች በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጣ። ከፊሉ ግን ተመልሶ ቦንድ ገዛ፤ ባለድርሻዎቹ ኪሳራቸውን ከግብር ለማስቀነስ የጋራ ፈንዱን ሸጠው ተመሳሳዩን በኢቲኤፍ መልክ ገዙ። የቀረው ከአሥርት ዓመታት በፊት በሪዘርቭ ፈንድ ወደተከፈተው ክፍል ሄደ። የገንዘብ ገበያ ፈንዶች ሀብት በ2024 መጀመሪያ ከ6 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት ጎን ለጎን ድምፅ የሌለው ሌላ ገንዘብ አለ። የ2006ቱ የጡረታ ጥበቃ ሕግ፣ ምርጫውን ያላሳወቀ ሠራተኛ ቁጠባው በጡረታው ዓመት በሚሰየም ድብልቅ ፈንድ ውስጥ እንዲገባለት አሠሪዎች ማድረግ እንዲችሉ መንገድ ከፈተ። በዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታል ወይም ሆቴል የሚሠራ ኢትዮጵያዊም የሂሳብ መግለጫውን ቢያይ «2045» ወይም «2050» የሚል ፈንድ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ፈንድ ለወጣቱ አብዛኛውን አክሲዮን ይይዝለታል፣ ዕድሜው ሲገፋ ቀስ በቀስ ወደ ቦንድ ያዛውርለታል። አክሲዮን ሲወጣ ድርሻው ከታቀደው ስለሚበልጥ ይሸጥና ቦንድ ይገዛል፤ ሲወድቅ ቦንድ ሸጦ አክሲዮን ይገዛል። ሕዝቡ በስልክ ሲያደርግ ከኖረው ተቃራኒ ነው። ይህን ግዢና ሽያጭ የሚያደርገው ባለድርሻው ሳይሆን ፈንዱ ስለሆነ፣ በየወሩ ከሚወጣው የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ተለይቶ አይታይም። የሚታየውንም ለማንበብ የጋራ ፈንዱን ብቻ ማየት ስለማይበቃ፣ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ የጋራ ፈንዶችንና የኢቲኤፎችን ገንዘብ ደምሮ በአንድ ሠንጠረዥ በየሳምንቱ ያወጣል።